ወደ ሐጂ ገድባን ቤት የሚሄደው መስመር

ወደ ሐጂ ገድባን ቤት የዘረጋሁት ሽቦ መዳብ ነው። በሰፈራችን ከጄኔሬተሩ ወደ ቤቶቹ የሚሄደው ሽቦ ሁሉ አሉሚኒየም ሆኖ ሳለ፣ ለዚያ ቤት ብቻ መዳብ የዘረጋሁት የሐጂን ልጅ ሸዛን ስለምወዳት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለእሷም ቢሆን።

ነጅም እባላለሁ። ባስራ ውስጥ፣ ከቦዩ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የአቡ ራፊድ ጄኔሬተር መስመር ሠራተኛ ነኝ። የመንግሥት መብራት ሲሄድ ሰባ ሁለት ቤቶች በእኛ ሽቦ ይተነፍሳሉ። ሽቦዎቹ በመንገዱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቢተበተቡም፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይጠፋኝም። ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ትምህርት ያቆምሁት አባቴ ስለሞተ ነው፤ ዝምታዬም ሳያግዝ አልቀረም።

መዳቡን ያገኘሁት ከፈረሰው የበረዶ ፋብሪካ ነው። አቡ ራፊድ አሮጌውን መስመር እንዳወርድ ልኮኝ፣ የወረደውን ጥቅል «ለራስህ ያዘው» አለኝ። በመጋቢት አንድ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል፣ ወደ ሐጂ ገድባን ቤት ዘረጋሁት። ከጣሪያቸው ጎን፣ በጎረቤታቸው በአቡ ዲርጋም ግድግዳ ጥግ ላይ፣ ወደ ቤታቸው ሊገባ ስድስት ሜትር ሲቀረው አለቀ። መሰላሉ ላይ እንደቆምሁ የሽቦውን ጫፍ ይዤ ብዙ አሰብሁ። ማንን ልጠይቅ? ብጠይቅስ «መዳብ ለምን አስፈለገህ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? በመጨረሻ በቀረው ላይ አሉሚኒየም ቀጠልሁበት። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ አጥብቄ ጠመዘዝሁና የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለልሁበት። ጥምዘዛው ያማረ ስለነበር ከመውረዴ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሸዛ በር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እየሰጠችኝ፣ «አባቴ ቬንትሌተሩ ዛሬ ወጣት ሆነ አለ። እጁን ይባርከው ብሎሃል» አለችኝ።

ብርጭቆውን መለስሁና ሄድሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም።

እናቴ ግን እናት ናት። ማታ ሳህን እየሰበሰበች፣ «የሐጂ ገድባን ልጅ ናት ወይስ ከዚያ መንገድ ሌላ ልጅ አለች?» አለችኝ። እኔ ሳህኔን ወደ እሷ ገፋሁላት። «እሷው ናት» ብላ ሳህኑን ማጠብ ጀመረች። በሐምሌ መጨረሻ አጎቴ ሸናንና አቡ ራፊድ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ለመነች።

ሐጂ ገድባን የማይደፈሩ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማዋን መስመር ሲሠሩ የኖሩ፣ በወጣትነታቸው ምሰሶ ላይ የወጡበትን ፍጥነት ሰው አሁንም የሚያወራላቸው። ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከሸዛ በቀር ማንም የላቸውም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ነበር፤ አንዱ መድኃኒት ቤት ያለው፣ አንዱ የመርከብ ሠራተኛ። ሁለቱንም መልሰዋቸዋል። እኔን የማይመልሱበት ምክንያት ለራሴም አልታየኝም።

ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ሄድን። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ነፍሶ ሸሚዛችን መንገድ ላይ ጀርባችን ላይ ተለጠፈ።

«ስትገባ ሰላምታ ስጥ» አለ አጎቴ። «ድምፅህ ይሰማ። ሰውየው ዓይነ ስውር ነው፤ አንገት ስትነቀንቅ አያይህም።»

አቡ ራፊድ ሳቀ። «ይሄ ልጅ እኮ አራት ዓመት ሠርቶልኝ የሰማሁት ሁለት ቃል ነው፤ አብራ፣ አጥፋ።»

ገብተን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ሸዛ ሻይ አቅርባ ወጣች። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የቀሚሷን ጠርዝና ቀይ ነጠላ ጫማዋን ብቻ ነው ያየሁት። አጎቴ እንደ ወጉ የሻይ ብርጭቆውን አንሥቶ ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠው። አቡ ራፊድም እንዲሁ። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት የቤቱን ሻይ አይጠጣም።

«ሐጂ፣» አለ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለጉዳይ መጥተናል። እስኪፈጸምልን ሻይዎ ይቀመጥ።»

«ሸናን፣ በዚህ ሙቀት ሻይ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ተናገር» አሉ ሐጂ ገድባን።

አጎቴ ተናገረ። ስለ አባቴ ደግነት፣ ስለ እናቴ ትዕግሥት፣ ስለ እኔ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ መሆን። አቡ ራፊድም አልቀረም፤ «ሐጂ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። ያውም ፋኖሱንም የሚያበራው እሱው ነው» አለ።

ሐጂ ፈገግ አላሉም። «ልጁ ራሱ አፍ የለውም?»

የአጎቴ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ። አፌን ከፈትሁ። ደረቀብኝ።

በዚያ ዝምታ መሃል ነው የጣሪያው ቬንትሌተር ማዛጋት የጀመረው። መጀመሪያ ዙሩ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው እያጓራ ይጎተት ጀመር። ሐጂ ጣታቸውን አነሡ።

«ስሙ» አሉ።

«ጄኔሬተሩ ደህና ነው ሐጂ!» አለ አቡ ራፊድ ቶሎ ብሎ። «ያው ከመንገድ ይሰማል፤ እንደ በሬ ነው የሚሠራው።»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ከውጭ ደረጃ የሚወጣ የነጠላ ጫማ ሩጫ ሰማን። ከዚያ ከጣሪያው በኩል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቬንትሌተሩ ነፍስ ዘራ። እንደ መጀመሪያው መዞር ጀመረ።

«ዛሬ ይሄ አራተኛው ነው» አሉ ሐጂ። «ሸዛ! ነይ ወዲህ።»

ሸዛ በሩ ላይ ቆመች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። በእጇ ረጅም የደረቀ የተምር ዝንጣፊ ይዛለች።

«ምን ይዘሻል?»

«መጥረጊያ ነው አባባ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያችንን በቀን አምስት ጊዜ ትጠርጊያለሽ። የባስራ ንጹሕ ጣሪያ የእኛ ሳይሆን አይቀርም።»

አቡ ራፊድ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሸዛ አንገቷን ደፋች።

«በአቡ ዲርጋም ግድግዳ ጥግ ላይ የሚታመም ነገር አለ» አሉ ሐጂ ወደ እኛ ዞረው። «ከድምፁ አውቄዋለሁ። ልጄ በዱላ ስትነካው ይድናል፤ ተመልሶ ይታመማል። ይሄን መስመር የዘረጋው ማን ነው?»

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «የአቡ ዲርጋም ሚስት ልብስ ስታሰጣ ጎትታዋለች በል» ሲል ሹክ አለኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ሐጂ፣ የጎረቤት ነገር ነው እኮ። ልብስ ማስጫውን ከሽቦው ጋር…» ብሎ ጀመረ።

ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ከሁሉ የሚቀለኝ ነገር ነው። ነገር ግን ዓይኔ ሸዛ በያዘችው ዝንጣፊ ላይ ነበር። የዝንጣፊው ጫፍ ጠቁሯል። ተቃጥሏል። ነፋሱ እርጥብ ነው፤ ዝንጣፊው አንድ ቀን እርጥበት ጠጥቶ ቢሆንስ? አንድ ቀን እግሯ ውኃ ላይ ቢሆንስ?

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። ሐጂም ጭምር።

«መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የአቡ ዲርጋም ሚስት ምንም አላደረገችም። መዳቡ ስድስት ሜትር አጠረኝ። በአሉሚኒየም ቀጠልሁት።»

«መዳብ?» አሉ ሐጂ።

«አዎ።»

«ሰፈሩ በሙሉ በአሉሚኒየም እየኖረ ለእኔ ቤት መዳብ?»

አቡ ራፊድ ጭኑን በጥፊ መታ። «አሃ! የእኔ የጌታው ቤት በአሉሚኒየም ነው! ሚስቴ ማቀዝቀዣው አይሠራም ብላ በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች፣ እሱ መዳቡን…» አጎቴ እጁን ይዞ አስቆመው።

ሐጂ ገድባን ለጥቂት ጊዜ ቬንትሌተሩን አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አንሣኝ» አሉኝ። «ጣሪያ እንውጣ። ሸዛ፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አምጪ። አቡ ራፊድ፣ መስመሬን አጥፋልኝ። እናንተ እዚሁ ጠብቁን።»

«ያለ ቬንትሌተር?» አለ አጎቴ።

«ያለ ቬንትሌተር።»

አቡ ራፊድ ለልጁ ስልክ ደውሎ መስመሩን አስጠፋ። ሐጂ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ደረጃውን ወጣን። ቀላል እጅ ነው፤ ጣቶቹ ግን እንደ ፒንሳ ናቸው። ሽቦውን በመፈተሻ ካቻቢቴ ነካሁት፤ አልበራም። ናስትሮውን ስፈታው ሙጫው ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ውስጡ ሌላ ነገር ሆኗል። የእኔ ያማረ ጥምዘዛ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ፣ አሉሚኒየሙ ተበልቶ እንደ በሰበሰ ጥርስ ሆኗል።

«አስነካኝ» አሉ ሐጂ። እጃቸውን ይዤ መጋጠሚያው ላይ አኖርሁት። ቀስ ብለው ዳሰሱት። ዱቄቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። «ጥምዘዛህ ጥሩ ነው» አሉ። «እጅህ ያውቃል። አንተ ግን አታውቅም። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የነገረህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ምን ይመስልሃል?»

«እንደ ውኃ… ከጄኔሬተሩ ተነሥቶ እየሮጠ ይመጣል።»

«አይሮጥም።» ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ከምእመናኑ ጋር ወደ ከርበላ በእግር ሄደህ ታውቃለህ?»

«ከእናቴ ጋር፤ ሁለት ጊዜ።»

«የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ከተማው ሊደረስ ሲል፣ መንገዱ እንዴት ነው? ሰው በሰው ላይ ነው አይደል? ማንም አይሮጥም። ኋላ ያለው ትንሽ ሲገፋ ግን ግፊቱ ከትከሻ ትከሻ አልፎ በዓይን ጥቅሻ ፊት ያለው ጋ ይደርሳል። ብረትም እንዲሁ ነው። ውስጡ ባዶ አይደለም። አንተ ጄኔሬተሩን ከማስነሣትህ በፊት ሽቦው ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ነገሮች ተሞልቷል። እያንዳንዷ ከጉንዳን ቀርፋፋ ናት። የሚፈጥነው ግፊቱ ነው። በእኛ መስመር ላይ ደግሞ ወደፊት እንኳን አይሄዱም፤ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እዚያው በቦታቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከአቡ ራፊድ ጄኔሬተር አጠገብ ያለችው ቅንጣት ቤቴን መቼም አታየውም። ግፊቷ ግን እኔን ያቀዘቅዘኛል።»

ሸዛ ሣጥኑንና ዝንጣፊውን ይዛ ከኋላችን ቆማ ታዳምጥ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ላይ ምን ሆነ?» አልሁ። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥሁ።

«በመዳብ ውስጥ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ብዙ አይጋጩም። አሉሚኒየምም ለራሱ መጥፎ አይደለም። ሁለቱን ራቁታቸውን ስታነካካቸው ግን፣ በተለይ በእኛ ጨዋማ እርጥበት፣ መሃላቸው ቅርፊት ይበቅላል። ይሄው ዱቄት። ሰፊው መንገድ መሃል ጠባብ በር እንደማቆም ነው። ሰው እዚያ ሲደርስ ይጨናነቃል፤ ይፋተጋል፤ ይግላል። ከበሩ ወዲያ ያለው ቤት ግፊቱ አይደርሰውም። በዱላ ሲመታ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ትንሽ ይተነፍሳል። በሚቀጥለው ቀን ይብሳል። አንድ ቀን ደግሞ ይነድዳል።»

ወደ ሸዛ ዞርሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። ከወደድኋት ሁለት ዓመት ሆኖኝ የጠየቅኋት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«አባቴ እጁን ይባርከው ካለ በኋላ እንዴት ብዬ?» አለች። «እጅህን መልሶ እንዲረግመው?»

«ሊገድልሽ ይችል ነበር።»

«ደረቅ ዝንጣፊ ነው የምይዘው። የመስመር ሠራተኛ ልጅ እኮ ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ መዳብ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ቀይ ነው፤ ከጣሪያ ላይ ይታያል» አለች።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ገባህ» አሉኝ። «ስማኝ ነጅም። ያንን መድኃኒት ቤት ያለውን የመለስሁት ሸዛን ወደ ሩቅ ከተማ ሊወስዳት ስለፈለገ ነው። መርከበኛውን እሷ አልፈለገችውም። አንተን ግን ፈርቼሃለሁ። ትምህርት ስለሌለህ አይደለም፤ እኔም ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። የምፈራው ዝምታህን ነው። ሽቦው ባጠረህ ቀን ከዚህ ግድግዳ ላይ ወርደህ በሬን ብታንኳኳና ‹ሐጂ፣ ስድስት ሜትር አጠረኝ› ብትለኝ ምን ነበረበት? ሸዛ፣ ሣጥኑን ክፈችለት።»

ሣጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ የመስመር ዕቃዎች ነበሩ። ሐጂ በእጃቸው እየዳሰሱ አንዱን አወጡ። በሁለት ብሎን የሚጠብቅ የናስ መያዣ ነው፤ መሃሉ ላይ የብየዳ ስታኞ የለበሰ ሰሌዳ አለው። መዳቡ በአንድ ወገን፣ አሉሚኒየሙ በሌላ ወገን ይገባል፤ አይነካኩም፤ ሰሌዳው ግን ግፊቱን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል።

«ዘጠኝ ዓመት ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል» አሉ። «አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው።»

የተበላውን ጫፍ ቆረጥሁት። ጤነኛውን ሽቦ ነጭ እስኪያበራ ድረስ በቢላዋ ፋቅሁት። ሸዛ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አንድ በአንድ ታቀብለኝ ነበር። ሐጂ፣ «አጥብቅ… ትንሽ ጨምር… በቃ፤ ከዚህ በላይ አሉሚኒየሙን ትጨፈልቀዋለህ» እያሉ ከብሎኑ ጩኸት ብቻ ይመሩኝ ነበር። አንዴም አልተሳሳቱም። ከታች አጎቴ፣ «ተቀቀልን እኮ!» ሲል ይሰማል፤ አቡ ራፊድም፣ «ዝም በል፤ ላብ ለሽማግሌ ጥሩ ነው» ይለዋል።

ሲያልቅ አቡ ራፊድን ጠርቼ መስመሩን አስበራሁ። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ወደ ደረጃው ቀዳዳ አዘንብለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የቬንትሌተሩ ድምፅ እኩል፣ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። እኔ ፒንሳዬን ማስቀመጥ እንኳ ረሳሁ።

«ሌላ ጊዜ የሆነ ነገር ሲያጥርህስ?» አሉኝ።

«እናገራለሁ።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ። ለእሷም።»

«እንግዲያው አሁን ተናገር። ሸናን ስለ አባትህ ደግነት ብዙ ነግሮኛል፤ አባትህን ለጋብቻ አልፈልገውም።»

ብዙ ቃል አልነበረኝም። ለሐጂ ሸዛን ማግባት እንደምፈልግ፣ ቤቴ ሁለት ክፍል እንደሆነች፣ እሳቸውን ማንም ከእሷ እንደማይለያቸው፣ የማላውቀው ነገር ብዙ እንደሆነና ማወቅ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያልሁት ይመስለኛል። ስጨርስ ሐጂ ወደ ሸዛ ፊታቸውን መለሱ።

«ሰምተሻል» አሉ። «የእኔን መልስ ካንቺ በኋላ እሰጣለሁ።»

ሸዛ ዝንጣፊውን በእጆቿ መሃል አሽከረከረችው። «አባቴን ትቼ ሩቅ አልሄድም» አለች።

«ሩቅ አይደለም» አልኋት። «ያቻት ቤታችን፤ ከዚህ ትታያለች።»

ሁለታችንም ዞር አልን። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሦስት ጣሪያ ወዲያ፣ እናቴ አንዲት ደረቅ ፎጣ ይዛ ትሰቅላለች፤ ታወርዳለች፤ ትሰቅላለች። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደቆመች አላውቅም። ሸዛ ሳቋ አመለጣት። በሳቋ መሃል ጭንቅላቷን ወደ አባቷ አዘንብላ፣ «እሺ በለው አባባ» አለች፤ ቀስ ብላ።

እናቴ ቃሉን ልትሰማ አትችልም። ፊቷን ግን አየች። ፎጣው ከእጇ ወደቀ፤ እልልታዋ በጣሪያዎቹ ላይ ተቀባበለ፤ የአቡ ዲርጋም ሚስት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከጓሮዋ አብራ እልል አለች።

«ምን ሆናችሁ?» ሲል አጎቴ ከግቢው በድንጋጤ ጮኸ። «ሽቦ ያዛችሁ እንዴ? ነጅም! ማን ምን ሆነ?»

ሐጂ ገድባን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ወደ ጣሪያው ጠርዝ ገፋ አደረጉኝ። «ንገረው» አሉ። «እኔም እሺ ብያለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። አጎቴና አቡ ራፊድ በላብ ርሰው አንጋጠዋል፤ በአጥሩ በር በኩል የሰፈሩ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። መንገድ ሙሉ ሰው ነው።

ነገርኋቸው። ጮክ ብዬ።